የአባቴ ሁለተኛ ዓይን

ከቤቴ ጀርባ አንድ አናጢ ገብቷል። በሳምንት አንድ ቀን የበሬ ቆዳ ቆራርጦ በትልቅ ድስት ይቀቅልና ሙጫ ያወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይራገማል። እኔ አልራገምም፤ በሩን ዘግቼ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ያ ሽታ ሲመጣ የስምንት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፣ ፊቴም ይከዳኛል። በዚህ ዕድሜዬ ስናደድ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።

ያን ጊዜ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አገሩ ገና አያውቅም። ተራራው ጽድና ወይራ ነው፤ እሱም ለቤትና ለማገዶ በየቀኑ እየተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ቤት የካ ተራራ ሥር፣ ጫካው የሚያልቅበት ጋ ነበር። አባቴ ቱፋ ይባላል። ክርስትና ሲነሣ ሌላ ስም ወጥቶለት ነበር፤ በዚያ ስም የሚጠራው ግን ቄሰ ገበዙ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እናወራለን፣ ደጅ ስንወጣ አማርኛ። አባቴን በሁለቱም «አንተ» ነበር የምለው። የወታደሮቹ ልጆች አባታቸውን «አንቱ» ሲሉ ሰምቼ አንድ ቀን ብሞክረው፣ ማን መጣ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ።

ያን ክረምት ግራዝማች ደምሴ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ አልቆ ሥዕሉ ተጀመረ። ግራዝማች የሰፈራችን መልከኛ ናቸው። መሬቱ በእጃቸው ነው፤ አራሹ ሁሉ ለእሳቸው ይገብራል፣ ደስ ካላቸው ያስቀምጡታል፣ ካላላቸው ያነሡታል። ለአባቴ ደግሞ የክርስትና አባቱ ናቸው። ቤታችን ሲመጡ ለእኔ በትንሽ ቅል ማር ይይዙልኝ ነበር፤ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ጎንበስ ብለው ቅሉን በእጄ ያስይዙኝና የበላሁትን ሳያዩ አይሄዱም። ወድጃቸው ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ፣ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ግማሹ ውሸት ይሆናል።

ሠዓሊው ደብተራ እንግዳ ከጎንደር የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ቀለም አለ። አቡጀዲውን በሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጥፍና ሲደርቅ በላዩ ይሥላል። የቆዳው ሙጫ በቅጥሩ ውስጥ ሲፈላ ሽታው ጫካውን አልፎ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ቀለሙን የሚያዋሕደው በእንቁላል አስኳል ስለነበር ከየቤቱ እንቁላል ይዋጣል። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ የሚበላውም የለም። የቤታችንን እንቁላል የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ በገለባ ውስጥ ደርድሬ፣ ዝናብ ያጨቀየውን ዳገት እየተንሸራተትኩ። ደብተራው እንቁላሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ አንድ በአንድ ያያል፣ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ሳያመሰግን ይቀበላል። እኔም የእኛ ዶሮ የጣለችው የትኛው መልአክ ክንፍ ላይ እንደዋለ እየገመትኩ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ወደቅኩና አንድ እንቁላል ሰበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ዛጎሉን ጭቃ ውስጥ ረግጬ ቀበርኩት።

ነገሩን ለመጨረስ ስለ ነብሩ መንገር አለብኝ። አባቴ ስለ ነብሩ ያወራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጀርባውን ሳሽለት ትከሻው ላይ ያሉትን አራት ጠባሳዎች አይቼ ጠይቄው። እኔ ሳልወለድ ጫካው ውስጥ ነብር ገብቶ ጥጃ ይፈጅ ነበር አለኝ። ግራዝማች ያኔ ግራዝማች አይደሉም፤ ንጉሡ ከመክተማቸው አስቀድሞ ከጦራቸው ጋር የመጡ ደምሴ የሚባሉ ወጣት ወታደር ናቸው። ሁለቱ አብረው ወጡ። የደምሴ ጠመንጃ ከሸፈ። ነብሩ ዘሎ ደምሴ ላይ ወጣባቸው። አባቴ ጦሩን አንገቱ ላይ ሰካበት፤ ነብሩ ሊሞት ሲል ዞሮ ትከሻውን ቧጠጠው። ከዚያ ሁለቱም ደም በደም እንደሆኑ እዚያው ተቀምጠው ሳቁ። ምን ያስቃል ብዬ ብጠይቀው፣ አልሞትንማ አለኝ። ቆዳውስ የት ሄደ አልኩት። ደምሴ ወሰደው አለና ልብሱን ደረበ። በሌላ ቀን ደግሜ ብጠይቀው፣ ሂጂ ጥጆቹን እይ ብሎ አባረረኝ።

የቅዱሳኑ ሥዕል ከውስጥ ነው። ከውጭው ግድግዳ በሴቶቹ በር በኩል ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ሰው ታሪክ ይሣላል ተባለ። ደብተራው በአራት ክፍል ከፍሎ ሠራው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ድረስ እንቁላል ባደረስኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሲያድግ አየሁት፤ እስካሁን ዓይኔን ጨፍኜ ልቆጥረው እችላለሁ። ውሸቱንም ጭምር።

በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ልጆች አንድ ዛፍ ሥር አሉ። አንደኛው ዳዊት ይዞ ይደግማል፤ ዓይኖቹ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፣ ወደ እኛ ያያሉ። ሁለተኛው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ የወፍ ጎጆ በድንጋይ ይመታል። ይህ ሁለተኛው አባቴ ነው። እንዴት አወቅሽ ለሚለኝ፣ አባቴ በግራ እጁ የመዳብ አምባር ነበረው፤ ደብተራውም አምባሩን በአራቱም ክፍል አልረሳውም። አሁን ስናገረው ያስቀኛል። ግራዝማች የተወለዱት መንዝ ነው። አባቴ የተወለደው የካ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ሁለቱም ጢም ካወጡ በኋላ ነው፤ አንድ ዛፍ ሥር ልጅ ሆነው የሚቀመጡበት አገር ደብተራው ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ። ለእሱ ግን ጀግና ከጨቅላነቱ ጀምሮ ጀግና፣ ክፉም ጡት ሳይጥል ክፉ መሆን አለበት። አንድ ሰው ዛሬ ወዳጅህ ሆኖ ነገ ሊጎዳህ እንደሚችል፣ ወይም ፈርቶ ውሸት ሊናገር እንደሚችል መሣል አይሆንለትም። ጭንቅላቱ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ቀለም አልነበረም።

በሁለተኛው ክፍል ሁለቱ ጎልማሶች ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ጀግናው እንጀራ ይቆርሳል፣ ባለ አምባሩ በገበታው ሥር ቢላዋ ይዟል። አባቴ ዶሮ ማረድ እንኳ የማይወድ፣ እናቴ ጎረቤት የምትጠራበት ሰው ነው። ሦስተኛው ነብሩ ነው። ደብተራው ነብር አይቶ አያውቅም መሰለኝ፤ የቄሰ ገበዙን ውሻ ሥሎ ነጠብጣብ ጨመረበት። የከሸፈው ጠመንጃ ቀይ እሳት ይተፋል። ጦሩ መሬት ላይ ተጥሏል። ባለ አምባሩ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ይሮጣል። በአራተኛው ጀግናው የነብሩን ቆዳ ለብሶ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቷል፤ ባለ አምባሩ ከጥግ ቆሞ ጣቱን ይነክሳል።

በአራቱም ክፍል አባቴ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው።

ደንቡን አላውቅም ነበር። በእኛ አገር ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ ባንድ ዓይን፤ ሰይጣንም፣ አረመኔ ንጉሥም፣ ይሁዳም እንደዚያው። ትልልቆቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። የሚያነቡት ጽሑፍ ሳያስፈልጋቸው ገና ከበሩ ሆነው ማን ምን እንደሆነ ይለያሉ። ሴቶቹ ሥዕሉን እያዩ ሲንሾካሾኩ፣ ከዚያ እናቴ ስትመጣ ዝም ሲሉ አያለሁ። እኔ ግን የመሰለኝ ሌላ ነው። ለአባቴ ሁለተኛ ዓይን የሚሆነው ቀለም ያለቀው እኔ በሰበርኩት እንቁላል ምክንያት ነው ብዬ አመንኩ።

ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን የአባቴ ቀኝ ዓይን ታመመ። የመስከረም ዝንብ ነው፣ በየዓመቱ የሚመጣ፤ ግማሹ ሰፈር ዓይኑ ያብጣል። ዓይኑ ቀላ፣ ዓይናር ሞላው፣ ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ አልከፈት ይለው ጀመር። እናቴ በሞቀ ውኃ ስታጥብለት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ዓይኑን ሥዕሉ እየወሰደው ነው ብዬ ደመደምኩ። ለማን እናገራለሁ? እንቁላሉን የሰበርኩ እኔ ነኝ።

አባቴ ሥዕሉን አይቶት አያውቅም ነበር። ሥዕሉ ከተጀመረ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑን አልረገጠም፤ እሁድ እሁድ በሬ ጠፋ፣ አጥር ፈረሰ ይላል። እናቴም ተው ግባ አትለውም። እኔ ይህን ሁሉ የዓይኑ ሕመም አደረግሁት።

እናም ከዶሯችን ሥር አንድ እንቁላል ሰረቅሁ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ። ደብተራው ምሳውን ሊበላ ወደ ቄሰ ገበዙ ቤት በሄደበት፣ ፀሐይ ከአናት በሆነችበት ሰዓት ገባሁ። የሙጫው ድስት ከቅጥሩ ጥግ ገና ይጨሳል። አስኳሉን መዳፌ ላይ አፍስሼ ጥላሸቱን በጣቴ አሸሁበት፤ ደብተራው ሲያደርግ አይቻለሁ። ላይኞቹ ክፍሎች አልደረስኩባቸውም። ከታችኞቹ ሁለት የመረጥኩት የሚሮጠውን ነው። ፊቱ ወደ ጎን ስለሆነ ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም፤ ብዙ አሰብኩና ጉንጩ ላይ፣ ጆሮው አጠገብ አደረግሁለት። ክብ ሠራሁ፣ መሐሉን አጠቆርኩ። ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁት። እግሮቹ ቁልቁል ይሮጣሉ፣ አዲሱ ዓይን ግን ወደ ኋላ ዞሮ ነብሩን ያያል። ደስ አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ሮጥኩ።

ነገሩ የታየው በማግሥቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከእኛው ወገን የሆነ የድሮ አዳኝ፣ በትሩን ተደግፎ ብዙ ካየ በኋላ፣ ያ ነብር አንገቱ ላይ የጥይት ሳይሆን የጦር ቁስል ነበረው፣ ቆዳው ሲገፈፍ እኔ ነበርኩ ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ። ሌሎችም ማስታወስ ጀመሩ። የአባቴን ትከሻ ያጠበ፣ መድኃኒት የቀባ አለ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ እስከዚያች ቀን ድረስ ሥዕሉን እያዩ ዝም ብለው ነበር። ስምንት ዓመቴ ስለሆነ ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል፣ ይቅርታም አላደረግሁላቸውም።

ችግሩ ንጉሡ ራሳቸው ለምረቃው ከእንጦጦ ይወርዳሉ ተብሎ መወራቱ ነው። ግራዝማች ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ማር አልያዙም። እናቴ ወንበር ብትሰጣቸው አልተቀመጡም። እኔ ከጎተራው ኋላ ነበርኩ፤ ሁለቱንም አያለሁ።

«ቱፋ፣ ቃላችን ምን ነበር?» አሉት።

አባቴ የታመመ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ሥዕሉ እርስዎ እንዳሉት ይሁን፣ እኔ ዝም ልበል፣ እርሻዬ አይነካ።»

«ታዲያ ይህን ማን ሣለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ደጁን ረግጠህ አታውቅም።»

«እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ወደ ጎተራው አዩ። እዚያ መሆኔን እንዳወቁ እርግጠኛ ነኝ፤ ጣቶቼ ላይ ያለውን ጥላሸት ደጋግሜ ብታጠብም አልለቀቀኝም ነበር፣ አባቴም ትናንት ማታ እጄን ይዞ አይቶ ምንም ሳይለኝ ለቆኛል። ግራዝማች ዓይናቸውን መልሰው አባቴ ላይ አደረጉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፣ ሊለምኑት የመጡ ይመስሉ ነበር። «ያን ቆዳ ለብሼ ስንት ዓመት ንጉሡ ፊት ቆሜያለሁ» አሉ። «አሁን ምን ልበላቸው? አንተው ንገረኝ።»

አባቴ በሩን ከፈተላቸው። ወጥተው ሄዱ።

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውሸቱን የሠራው ደብተራው ነው፣ ያሠሩትም ግራዝማች ናቸው ብዬ ነበር። አባቴ ራሱ እውነቱን ሸጦት ኖሯል። ቆዳውን ያኔ ሰጠ፣ ቀጥሎ ጦሩን፣ ቀጥሎ ወዳጅነቱን፣ በመጨረሻም ፊቱን ሰጠ፤ ለእርሻው ሲል። ተናደድኩበት። የስምንት ዓመት ልጅ በአባቷ ስትናደድ እንዴት እንደሚያንገበግብ ዛሬም አልረሳሁትም። እናቴ ታውቅ ነበር። ከጎተራው ኋላ ጎትታ አወጣችኝና ይመታኛል ያልኩትን እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ «የሣልሽው ዓይን ስንት ጥማድ መሬት እንደፈጀ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። እሷም አልነገረችኝም።

በሳምንቱ መሬቱ ለአንድ ወታደር ተሰጠ። ስንዴው ገና ለአጨዳ ሳይደርስ፣ ራሱን ማጎንበስ እንደጀመረ ነው። ወታደሩ መጥቶ በእርሻው ዳር ዳር ሄደ፣ አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሽቶ ቀመሰ። አባቴ በሬዎቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነዳ።

ግራዝማችን እድሜዬን ሙሉ ጠልቻቸዋለሁ። ለልጆቼ ስለ እሳቸው ሳወራ፣ ፈሪ፣ ቀማኛ፣ ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ ውሸታም አድርጌ ነው ያወራሁት። ማሩን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ከበቅሎ ጎንበስ ብለው እስክበላ ሲጠብቁኝ የነበረውን ፊት ደብቄዋለሁ። አንድ ቀን ልጄ፣ ታዲያ አያቴ እንዴት የክርስትና ልጅ ሆኑላቸው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እሳቸውን ባንድ ዓይን ስሥል ኖሬያለሁ። ደብተራውን የምነቅፈው አፌን ሞልቼ ነው፣ ግን ከእሱ የተሻለ ሥዕል አልሣልኩም። ይህን ማወቄ ለግራዝማች ያለኝን ጥላቻ አልቀነሰውም።

የወጣነው በኅዳር፣ ጠዋት ነው። መሪ ወደሚባል አገር፣ ወደ እናቴ ወንድም ዘንድ ልንሄድ፣ የእሱ ጭሰኞች ልንሆን። እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን አዝላ ከአህያዋ ጋር ቀደመች። አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስንደርስ ቆመ። የበሬዎቹን ገመድ ከቅጥሩ ግንድ ላይ አሰረና እጄን ይዞ ገባ። ሥዕሉ ከተጀመረ ወዲህ ደጁን ሲረግጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጫማ ባይኖረውም እግሩን ከደፉ ላይ ጠረገ።

ወደ ሴቶቹ በር ግድግዳ ወሰድኩት። ደብተራው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ጀግናው አለ፣ እሳት የሚተፋው ጠመንጃ አለ፣ ነብሩ አለ። ባለ አምባሩ የለም። ደብተራው እሱን ፍቆ በቦታው አረንጓዴ ቁጥቋጦ ሥሎበታል፤ ወጣ ገባ የሆነ፣ ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ። በሌሎቹም ሦስት ክፍሎች አንድም ቦታ የለም። ገበታው ላይ ጀግናው ብቻውን ይበላል።

እኔ ደስ አለኝ። ይህን የምናገረው አፍሬ ነው፣ ግን ደስ አለኝ። አባባ፣ ከእንግዲህ ክፉ አይደለህም፣ ዓይንህም ይድናል አልኩት።

አባቴ ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ፣ ሰው የጠፋበትን በግ በመንጋ መሐል እንደሚፈልግ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«የት ጋ ነበርኩ?» አለኝ።

ቁጥቋጦውን በጣቴ አሳየሁት።

እጁን ቁጥቋጦው ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ቆሜ ነበር?»

«አይ» አልኩት፣ እውነቱን ልነግረው ብዬ። «ትሮጥ ነበር።»

«እሺ» አለኝ። ወጣና የበሬዎቹን ገመድ ፈታ።